ምዕራፍ ሰባት፦ ጎበዙን ልጅ ማን ያየዋል?

በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ጎበዝ ልጅ የሚለይባቸው ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው የጉባኤ ቤት በር ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት፤ ደብረ ታቦር ደግሞ በአለቃ ተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም አገር ነው። ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ የተነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ እስከ እነዚህ ደብሮች በእግሩ ሲመጣ መቶ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሁለተኛው በር የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ወላጆች እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» ይሉታል። ልጁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያጠቆራቸው መልሶች ቀጣዩን ክፍል ብቻ አይወስኑም፤ ከፍተኛ ነጥብ ያመጡትን ወደሚቀበሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚወስደው መንገድም በዚያው ይከፈታል ወይም ይዘጋል።

ሁለቱም ጎበዝ ልጅ ይፈልጋሉ። ጥያቄያቸው ግን ለየቅል ነው። ጉባኤ ቤቱ «ሲያስተምሩት ምን ያህል ይሄዳል?» ይላል። ፈተናው «እስከ ዛሬ ምን ያህል ተማረ?» ይላል። መጽሐፍ ባለበት ቤት ላደገ፣ መምህር ላልጎደለበት የከተማ ልጅ የሁለቱ ጥያቄ መልስ ተቀራራቢ ነው። ከጉና ሥር ከብት እየጠበቀ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ለሚቀር ልጅ ግን መልሱ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ይህ ምዕራፍ የሚመረምረው ያንን ርቀት ነው።

በየቀኑ የሚፈተን ተማሪ

ጉባኤ ቤት የመግቢያ ፈተና የለውም። ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ የመጣ ልጅ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ስሙን ተናግሮ ይመዘገባል፣ ጎጆ ይቀልሳል፣ ቁራሹን ለምኖ እያደረ ይማራል። ምርጫው የሚጀምረው ከገባ በኋላ ነው።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት እንመልከት። ጀማሪ የሚነሣው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ፣ ወደ ዘይእዜ እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የቆየበት ዘመን አይደለም፤ ዕድሜውም አይደለም። ቀን ዱር ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያቃናለታል። የተቃናለት ካነሰ፣ ምሥጢሩም ከተገኘ ወደ ላይ ያልፋል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ጎረምሳ ሠላሳ የሞላውን ሰው ሲያልፈው ማንም አይገረምም። ቀድሞ የገባው ለአዲሱ ግሡን ያስነግረዋል፤ የመምህሩን ጉልበት የሚቆጥበው፣ የጎበዙንም ዕውቀት የሚያጸናው ይኸው ነው።

በዛሬው የትምህርት ጥናት ቋንቋ ብንተረጉመው ጉባኤ ቤቱ ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ ያደርግ ነበር። ተማሪን በዕድሜ ሳይሆን በደረሰበት ደረጃ ይመድባል። ምዘናው ከማስተማሩ አይለይም። አንዴ ወድቆ ለዘለዓለም የሚወድቅ የለም፤ ዛሬ ያቃተው ነገ ይሞክራል። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው ታዋቂ ሐሳብ ልዩ ተሰጥዖ የሦስት ነገሮች መገናኛ ነው አለ፦ ከአማካይ በላይ የሆነ ችሎታ፣ ፈጠራ እና ለያዙት ሥራ መጽናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከባልደረቦቹ ጋር ልጆች እንደ ሥራቸው እየገቡ እየወጡ የሚማሩበትን አሠራር ነደፈ። የጋይንት መምህራን ይህን ሐሳብ ሳይጽፉት ኖረውበታል።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ራሱ ለዘገየ ልጅ ያደላል። ቅዱስ ያሬድ በአጎቱ በጌዴዎን ዘንድ ሲማር ቀለም እንዳልገባውና ተቀጥቶ እንደሸሸ፣ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ ስትወድቅ በመጨረሻ የተሳካላትን ትል አይቶ እንደተመለሰ ይተረካል። የአገሪቱ የዜማ አባት ተደርጎ የሚከበረው ሰው በልጅነቱ የወደቀ ተማሪ ነው። በሌላ በኩል ፈጣን ልጅ ሲገኝ ሕዝቡ «አብሾ ጠጥቷል» ይላል። አብሾ መርዛማ ዕፅ ነው፤ የማስታወስ ኃይል ይሰጣል ተብሎ የጠጡት ብዙዎች አእምሯቸውን ጎድተውበታል። እነዚህ ሁለት እምነቶች ጎን ለጎን ኖረዋል፤ አንደኛው ጉብዝናን ከትጋት፣ ሌላው ከዕፅ ያመጣዋል። ሁለተኛው ዛሬም «ሲፈጠር ጀምሮ ነው» በሚል መልኩ በየቤታችን አለ።

ጉባኤ ቤቱን ግን ማሞገስ ብቻ አይበቃም። ከቤቱ ርቆ ለምኖ መኖር የማይችል ልጅ አይደርስበትም፤ ስንቱ በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ እንደቀረ የቆጠረ የለም። ሴት ልጅ ደግሞ ከበሩም አትደርስም ነበር ማለት ይቻላል። ጎጃም ውስጥ በጽላሎ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሴት ነበሩ። ስማቸው እንደ ብርቅ የሚነሣው ሌሎቹ ሴቶች በሩን ስላላገኙት ነው። አባታቸው የቅኔ መምህር ባይሆኑ ኖሮ ገላነሽን ማን ያያት ነበር?

መንግሥት ልጅ ሲመርጥ

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ያሰፈሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ገደማ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተቀለጠውም እዚያው ነው። ንጉሡ ከባለሙያዎቹ ጋር ወጣት ኢትዮጵያውያንን አስጠግተው ፊደልና የእጅ ሥራ እንዲማሩ አድርገዋል። በአካባቢው ወጣቶች በመንግሥት ፈቃድ ለአዲስ ዕውቀት የተለዩበት ቀደምት አጋጣሚ ይህ ነው፤ ከንጉሡ ሞት በኋላ ግን አልቀጠለም።

በሃያኛው መቶ ዓመት ሥራው ወደ አዲስ አበባ ተሻገረ። ከጣልያን ወረራ በኋላ የተከፈቱት የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጄኔራል ዊንጌት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆችን በአዳሪነት ተቀብለዋል። በኋላም በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከመላ አገሪቱ ብልጫ ያመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። የድሃ ገበሬ ልጅ ከባላባት ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠው እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው። የመምረጫው ብልሃት ቀላል ነበር፦ ፈተና፣ ከዚያም ከላይ ወደ ታች መቁጠር።

ብልሃቱ ዛሬም አልተለወጠም። በትግራይ ልማት ማኅበር የተመሠረተው የመቐለው ቃላሚኖ ለረጅም ጊዜ ከክልሉ ከፍተኛ ነጥብ ያመጡትን ሲቀበል ቆይቷል። በአማራ ክልልም ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም ማዕከል ከከተማዋና ከአካባቢዋ የተመረጡ ተማሪዎችን በሳይንስና በሒሳብ ያሠለጥናል። ደብረ ብርሃን አጠገብ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኃይሌ ማናስ አካዳሚ በክፍያ የሚያስተምር ሆኖ አቅም ለሌላቸው ጎበዞች ነፃ ዕድል ይሰጣል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥዖ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ መካከል አስፍሮታል። ከዚያ ወዲህ ለአካል ጉዳተኞች፣ በቂ ነው ባይባልም፣ የልዩ ፍላጎት ክፍል ተከፍቷል፣ መምህርም ሠልጥኗል። የዓረፍተ ነገሩ ሁለተኛ ግማሽ ግን በየትምህርት ቤቱ ባለቤት አላገኘም። ላይ ጋይንት ወይም እስቴ ውስጥ አንድ የሦስተኛ ክፍል መምህር ከሌሎቹ በጣም የቀደመ ልጅ ቢያገኝ የሚልክበት ቢሮ፣ የሚሞላው ቅጽ፣ የሚጠራው ባለሙያ የለም። ያለው ካርዱ ላይ «1ኛ» ብሎ መጻፍ ነው።

ፈተና የሚያየውና የማያየው

የአእምሮ ፈተና ሲጀመር ጎበዝ ለመምረጥ አልታሰበም ነበር። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን መመዘኛ ያወጣው በመደበኛው ክፍል የሚቸገሩ ሕፃናትን ለይቶ ለመርዳት ነው። ቢኔ የልጅ አእምሮ በትምህርት ይጎለብታል ብሎ ያምን ነበር። መሣሪያው አትላንቲክን ሲሻገር ዓላማው ተገለበጠ። የስታንፎርዱ ሉዊስ ተርማን አሻሽሎት እ.ኤ.አ. በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል ልጆች መርጦ ዕድሜ ልካቸውን መከታተል ጀመረ።

ከዚያ ጥናት ለእኛ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስሕተቱ ነው። ተፈትነው ነጥቡን ስላልሞሉ ከቀሩት ልጆች መካከል ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ፤ ሁለቱም በኋላ በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ፣ አንዱ በ1956፣ ሌላው በ1968 እ.ኤ.አ.። ከተመረጡት ውስጥ ኖቤል ያገኘ አልተገኘም። ሁለተኛው ትምህርቱ ነው። ተርማን መምህራን በጣም ጎበዝ የሚሉትን ልጅ እንዲጠቁሙ አደረገ፤ በተጨማሪም የክፍሉን ትንሹን ልጅ ስም ወሰደ። በፈተና ሲታይ ትንሹ ልጅ ከመምህሩ ጥቆማ የተሻለ ፍንጭ ሆኖ ተገኘ። መምህሩ ያየው የሚሠራውን ሥራ ብቻ ነበር፤ በስንት ዓመቱ እንደሚሠራው አላሰበም።

ይህን ወደ ፋርጣ ወይም ወደ ስማዳ ገጠር እናምጣው። አንደኛ ክፍል ውስጥ የሰባት ዓመት ሕፃንና እረኝነቱን ለታናሹ አስረክቦ በአሥር ዓመቱ የገባ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ አንደኛ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ታላቁ ነው። አራተኛ የወጣችው የሰባት ዓመት ልጅ የበለጠ ልዩ ልትሆን እንደምትችል ሮስተሩ አይናገርም፤ ደረጃ እንጂ ከዕድሜ ጋር የተነጻጸረ ሥራ አይመዘግብምና።

ከላይኛው ክፍል ያለው ሥዕል ይብሳል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በመቶዎች ሲቆጠሩ ልዩ አዳሪዎቹ በአብዛኛው ተማሪዎቻቸውን በሙሉ ወይም ሙሉ ለሙሉ በሚባል ደረጃ አሳለፉ። ይህን ያየ ሰው «አዩ፣ ጎበዞቹ የተመረጡት በትክክል ነው» ሊል ይቃጣዋል። ነገር ግን ውጤቱ ሁለት ነገሮችን ቀላቅሎ ይነግረናል፦ የልጁን ችሎታና ልጁ ያገኘውን መምህር፣ ቤተ ሙከራ፣ መብራትና ምግብ። መቶ ሰው ተፈትኖ ሦስት ሲያልፍ ችግሩን በዘጠና ሰባቱ አእምሮ ማሳበብ አይቻልም። እንዲህ ያለ ፈተና ቀዳዳው የጠበበ ወንፊት ነው፤ ከላይ የቀረው ሁሉ ግን እንክርዳድ አይደለም።

ከጎንደር የሄዱ ልጆች ሁለቴ ሲመዘኑ

ልዩነቱን በቁጥር ያሳየው ጥናት የተሠራው ከዚሁ ከጎንደር ምድር በተነሡ ልጆች ላይ ነው፤ ቦታው ግን እስራኤል ነው። ቤተ እስራኤላውያን በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በቀጥታ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። አብዛኞቹ የጎንደር ክፍለ ሀገር ገበሬዎች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ነበሩ። ልጆቻቸው በእስራኤል ትምህርት ቤቶች የተለመደውን የአእምሮ ፈተና ሲፈተኑ ነጥባቸው እጅግ ዝቅ አለ። በዚያ ነጥብ መሠረት ብዙዎቹ ወደ ደካሞች ክፍል መላካቸው ነበር።

ሩቨን ፎየርሽታይን የተባለው የሥነ ልቦና ሰው ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይቃወም ነበር። ያን ጊዜ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ የአይሁድ ልጆች «አይችሉም» እየተባሉ ሲመደቡ አይቷል። የእርሱ ዘዴ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ልጁ ይፈተናል። ቀጥሎ መርማሪው አብሮት ተቀምጦ ያስተምረዋል፦ ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ፣ ቅርጾችን እንዴት እንደሚያነጻጽር፣ ሳይቸኩል እንዴት እንደሚፈትሽ። በመጨረሻ ተመሳሳይ ግን አዲስ በሆነ ጥያቄ እንደገና ይፈተናል። የሚለካው የመጀመሪያው ነጥብ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው እርምጃ ነው።

ፎየርሽታይንና ባልደረቦቹ ይህን በኢትዮጵያውያኑ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1991 አሳተሙት። የጎደለውን ቅርጽ ፈልጎ በመሙላት ፈተና ላይ ልጆቹ ሲጀምሩ ከእስራኤል ተወላጆች በሰፊው ያንሱ ነበር። ከአጭር ትምህርት በኋላ ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። እርሳስ ይዞ ወረቀት ላይ የተሳለ ቅርጽ አይቶ የማያውቅ ልጅ መጀመሪያ የጎደለው የፈተናው ልማድ ነበር። አእምሮው ሌላ ነገር ላይ ሲሠራ ኖሯል፦ መንጋውን ሳይቆጥር የጎደለችውን ላም በማወቅ፣ በገበጣ ጠጠር አምስትና ስድስት እርምጃ አስቀድሞ በማስላት፣ ረጅም ጸሎት በቃል በመያዝ።

የፎየርሽታይን ዘዴ ሰው ይፈጃል፤ መርማሪው ከአንድ ልጅ ጋር ሰዓታት ይቀመጣል። መንፈሱ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅኔው መምህር ማታ ማታ ሲያቃና የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሁሉንም ማየት፣ ከየቦታው መውሰድ

ለእያንዳንዱ ልጅ መርማሪ ማስቀመጥ ካልተቻለ ምን ይደረጋል? ከሌላው ዓለም የተገኙ ሁለት ትምህርቶች በድሃ በጀት ሊሠሩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው፣ ጥቆማ ሳይጠብቁ ሁሉንም መፈተሽ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ትልቅ የትምህርት አውራጃ ለልዩ ተሰጥዖ መርሐ ግብር ልጆችን የሚልከው በወላጅና በመምህር ጥቆማ ነበር። የሚጠቁም የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ ይገባል፣ የሌለው ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ብዙ ንባብ የማይጠይቅ አጭር ፈተና እንዲወስዱ ተደረገ። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ እንዳሳዩት ወዲያው የድሆች፣ የጥቁሮችና የስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች ልጆች ቁጥር በብዙ ጨመረ። ልጆቹ ቀድሞም ነበሩ፤ የጠቆማቸው አልነበረም። በጀት ተቆርጦ ምርመራው ሲቆም ቁጥሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ሁለተኛው፣ ልጁን ከራሱ መንደር ልጆች ጋር ማወዳደር ነው። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ሕግ ከእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከላይ አሥር በመቶ ውስጥ የገባ ተማሪ በግዛቲቱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ እንዲያገኝ ደነገገ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በደካማ ትምህርት ቤት ውስጥ አንደኛ የወጣ ልጅ ከጠንካራው ትምህርት ቤት ሃምሳኛ ያነሰ ነጥብ ይኑረው እንጂ ካገኘው አንጻር የሠራው ይበልጣል። እኛም መርሁን እናውቀዋለን። ዩኒቨርሲቲ ምደባ ላይ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች የተለየ መቁረጫ ነጥብ ሲወጣ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ምርጫ ግን ክልሉን በሙሉ በአንድ ዝርዝር ከላይ ወደ ታች መቁጠር ቦታዎቹን በአብዛኛው ለከተሞች መስጠት ነው። ከየወረዳው፣ ከዚያም ወርዶ ከየትምህርት ቤቶች ጉድኝት የተወሰነ ቦታ ቢያዝ ከእብናት ቆላና ከታች ጋይንት ገደላ ገደል የሚመጣ ልጅ በደብረ ታቦር ከተማ ልጅ ነጥብ አይመዘንም።

«ደረጃው ይወርዳል» የሚል ሥጋት ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ዝቅ ባለ ነጥብ የገባ ልጅ ያለ ድጋፍ ከተተወ ይወድቃል፣ መውደቁም «አይችሉም ነበር» ለሚሉ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ቦታ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ በክረምቱ የማካካሻ ትምህርት፣ በተለይም የእንግሊዝኛ፣ አብሮ መሰጠት አለበት። በአማርኛ ሲማር ኖሮ ሁለተኛ ደረጃ ላይ በእንግሊዝኛ ፊዚክስ የሚጠብቀው ልጅ መጀመሪያ የሚሰናከለው በቋንቋው ነው።

ከተለየ በኋላ የት ይቀመጥ?

መለየት ያለ ቦታ ከንቱ ነው። ልጅን «ልዩ ነህ» ብሎ በዚያው ክፍል፣ በዚያው መጽሐፍ ማስቀመጥ ስም ከመስጠት አያልፍም።

ዋጋው ከሁሉም የሚያንሰው ምደባ ክፍል ማዝለል ነው። በቀደመው ጊዜ ዳዊት ደግሞ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በዓመት ሁለት ክፍል ማለፉ፣ ደብል መምታቱ፣ የተለመደ ነበር። ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሰፊ ዘገባ የብዙ አሥርት ዓመታትን ጥናት አሰባስቦ ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፦ በአግባቡ ተመዝነው የዘለሉ ልጆች በትምህርታቸው ከታላላቆቻቸው ጋር እኩል ይሄዳሉ፣ በጠባይም የሚፈራው ጉዳት በአብዛኛው አይደርስባቸውም። ለደቡብ ጎንደር ገጠር ዘግይተው የገቡ ጎበዞች ይህ ከጥቅምም በላይ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ስምንተኛን የማይጨርስ ልጅ ትዳር ወይም የሰሊጥ አጨዳ ሥራ ይቀድመዋል።

ሁለተኛው ምደባ በትምህርት ዓይነት ነው። ልጅ በሁሉም ነገር ጎበዝ አይሆንም። በሒሳብ የስድስተኛ ክፍልን ሥራ የሚሠራ የአራተኛ ክፍል ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከስድስተኞች ጋር ቢቀመጥ የሚያስፈልገው የሰዓት ድልድል ነው። በየትምህርት ቤቱ ተዘርግቶ የነበረው፣ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን የሚያግዝበት 1ለ5 አደረጃጀት ለዚህ በከፊል ያግዝ ነበር፤ ማስተማር ለጎበዙም ትምህርት ነውና። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሌሎችን ሲያስረዳ የሚውል፣ ለራሱ አዲስ ነገር የማይሰጠው ልጅ ረዳት መምህር ሆነ እንጂ ተማሪነቱ ቆመ። ጉባኤ ቤቱ ይህን ያውቅ ነበር፤ አስነጋሪው ማታ ማታ የራሱን ቅኔ ከመንገር አይቀርም።

ሦስተኛው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ለገጠር ልጅ ትርፉ ከመምህሩ ይልቅ ጊዜው ነው፦ ውኃ መቅዳት፣ ከብት መጠበቅ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ መሄድ ይቀራል፤ መብራትና ምግብ ይኖራል። ለሴት ልጅ ደግሞ ከሽማግሌ መላክ ማምለጫ ነው። ጉዳቱም የታወቀ ነው። ጎበዙ ሲወሰድ የመንደሩ ትምህርት ቤት አርአያውን ያጣል፤ ወላጅ የሥራ እጅ ያጣል፤ ልጁም ከመንደሩ አንደኛ ተነሥቶ እዚያ ሠላሳኛ ሲሆን ልቡ ይሰበራል። ስለዚህ አዳሪው የመጀመሪያ መፍትሔ መሆን የለበትም። አምስትና ስድስት ልጆች አዳሪ ሲገቡ ሌሎቹ መቶዎች ባሉበት የሚማሩበት መንገድ መቅደም አለበት።

ክፍሉ ውስጥ የሌለው ልጅ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳለ ይገምታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተስፋፋው ጦርነት ይህን ግምት አፍርሶታል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ወድመዋል፣ መምህራን ተገድለዋል፣ ተሰደዋል፤ ከትምህርት ውጭ የሆኑት ልጆች በሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። በእነዚህ ዓመታት ፈተና ላይ ከተቀመጡት መካከል የሚመረጠው ጎበዝ ፈተና ጣቢያ መድረስ ከቻሉት መካከል የተመረጠ ነው። ዕድሜን፣ የጠፉ ዓመታትንና ከዚያ በፊት የነበረውን ውጤት ያላገናዘበ መቁረጫ ነጥብ ጦርነት የነጠቀውን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ይቀጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያው ሥራ ልጆቹን በነበሩበት ክፍል ከመዘገቡ በፊት የት እንደደረሱ መመዘን ነው። ሁለት ዓመት ተቀምጦ በወንድሙ መጽሐፍ ብቻውን የተማረ ልጅ ይኖራል፤ እርሱን ወደ ነበረበት ክፍል መመለስ ደግሞ መቅጣት ነው።

ምን ይደረግ?

ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሦስተኛ ክፍል መምህር ለሁሉም ልጆቹ ያልተማሩትን አንድ ነገር ያስተምር፣ ከሳምንት በኋላ ማን ምን ያህል እንደተራመደ ይመዝግብ፣ ከስሙ አጠገብም ዕድሜውን ይጻፍ። ርዕሰ መምህሩ በዓመት አንዴ የእያንዳንዱን ክፍል ትንሽ ልጅና ፈጣን ተራማጅ ለይቶ ለጉድኝቱ ያሳውቅ። ወረዳው ክፍል ለማዝለል ቀላል መመሪያ ያውጣ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና የደብረ ታቦር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለመምህራኑ ሁለት ቀን የሚበቃ ሥልጠና ያዘጋጁ፤ ከጉባኤ ቤት መምህራን ቢያማክሩ አያፍሩም። ክልሉ ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ቦታ ሲደለድል ለየጉድኝቱ ድርሻ ያስቀምጥ፣ ከድርሻው ግማሹን ለሴቶች ይያዝ፣ ያልተሳካለትም በዓመቱ እንደገና የሚሞክርበትን በር ይክፈት።

ወላጅም ሥራ አለው። ልጅህ ጥያቄ ሲያበዛብህ «ዝም በል» አትበለው፤ ልጅሽም ከወንድሟ ደብተር ላይ ስትማር ካየሻት ደብተር ግዢላት። የስምንተኛ ክፍል ውጤት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲለጠፍ ደግሞ ስንት ልጅ እንዳለፈ ብቻ ቆጥረን አንመለስ። ዝርዝሩ ላይ ስሙ ያልተጠራ ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ እንጠይቅ፤ በቀጣዩ ዓመት ጎበዝ ልጅ መፈለግ የሚጀመረው ከዚያ ትምህርት ቤት ይሁን።